የተኛ እግር ልክ

ክሩ ተረከዟን ሲነካት አይሊያን ዓይኗን አልገለጠችም።

ቀትር ነው። የምሳው ሳህን ተሰብስቦ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በሽተኛውም አስታማሚውም የሚያሸልብበት ሰዓት። ከቀኝ ጎኗ የወጣው ቱቦ አልጋው ሥር ወዳለው ጠርሙስ ወርዶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በዚያ ጎን መተኛት ስለማትችል በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ስለሚሞቃትም እግሮቿን ከአንሶላው ውጭ አድርጋለች። መጀመሪያ ዝንብ መሰላት። ቀጥሎ ግን ነገሩ ከተረከዟ ተነሥቶ በውስጥ እግሯ አልፎ እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ ተወጠረ፤ እዚያ ላይ ቋጠሮ ሲቋጠርበት ተሰማት። ከዚያ ሰፊውን የእግሯን ክፍል በስሱ ዞረው፤ እዚያም ሁለተኛ ቋጠሮ ተቋጠረ።

በሽፋሽፍቷ መሀል አጮልቃ አየች። ሊጁአን ናት፤ የልጇ ሚስት። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ የልብስ ስፌት ክር በሁለት እጇ ይዛለች።

እንግዲህ የተኛ ሰው እግር በክር የሚለካው ለምን እንደሆነ በናንፖ መንደር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ለመጨረሻው ጫማ ነው። ሶሉ ላይ የሎተስ አበባ የተጠለፈበት፣ ባለቤቱ አንድ እርምጃ ሳይራመድበት ይዞት የሚሄድ የጨርቅ ጫማ። በሽተኛው እንዳይደነግጥ ተብሎ ተኝቶ ሳለ ይለካል፤ የምትለካውም ወይ ሚስት ናት ወይ ምራት።

አይሊያን ይህን ከሰው ሰምታ አይደለም የምታውቀው። የባሏን የዌንፉን እግር የለካችው በገዛ እጇ ነው። ጉበቱን ካንሰር እየበላው፣ ሐኪሙም ለእሷና ለልጇ ብቻ ኮሪደር ጥግ ወስዶ ነግሯቸው፣ እሷ ግን “ጨጓራህ ነው፣ ሩዙን አልመህ ብላ” ትለው ነበር። ደግ የምትባል ሚስት እንደዚያ ነው የምታደርገው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጋደም ሲል ክሯን ይዛ ተንበረከከች። ዌንፉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ንቅንቅ ሳይል ተለካላት። ተኝቷል ብላ ነበር።

አሁን ክሩ እሷን ሲኮረኩራት ነው የገባት። እንዲህ እየተኮረኮረ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው የለም።

“አውቆ ነበር” አለች በሆዷ። “አውቆ ነው ዝም ያለኝ።”

ሊጁአን ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ አንሶላውን ሳብ አድርጋ የአማቷን እግር አለበሰች። ይሄ ማልበሷ ደግሞ ባሰ። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሊጁአን የአማቷን እግር አልብሳ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ነው። ውሃው ማሳውን ሞልቶ ዳክዬዎቹ በአጥሩ ላይ ይዋኙ ነበር። አይሊያን የሩዝ ችግኟን ለማዳን እንደ ልማዷ ባዶ እግሯን ገባች፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተረከዟን ቧጨራት። ለዚህ ማን ዞር ብሎ ያያል። የጥርስ ሳሙና ቀባችበትና ሥራዋን ቀጠለች። ተረከዙ ሲድን ትኩሳቱ መጣ፤ ትኩሳቱ ሲመላለስ ሳል መጣ፤ ከሳሉ ጋር በቀኝ ጎኗ እንደ ማጭድ የሚቆርጥ ውጋት መጣ።

የመንደሩ ክሊኒክ ጉንፋን ነው አላት። የወረዳው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ሽንት የሚያቀላ ክኒን ሰጣት፤ እሱን እየዋጠች ከሳች እንጂ አልዳነችም። ቀጥሎ በሳንባዋና በጎድን አጥንቷ መሀል ውሃ ተቋጥሯል ተባለ። ልጇ ሃይኩ ከተማ ካመጣት በኋላ ደግሞ ውሃ ሳይሆን መግል ነው አሏት፤ ሲቀዱላት በዓይኗ አየችው፣ እንደ አኩሪ አተር ወተት የወፈረ። አሁን ደግሞ ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ ስሙ ረጅም የሆነ፣ እምብዛም የማይታይ ጀርም ነው ይላሉ። የወረዳው ላቦራቶሪ ቀድሞ አግኝቶት ኖሮ፣ ከውጭ የገባ ቆሻሻ ነው ብሎ ጥሎት ነበር አሉ።

ጉንፋን፣ ነቀርሳ፣ ውሃ፣ መግል፣ ጀርም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። የአይሊያን ትምህርት ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ዕድሜዋን ዳክዬ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሻጭ ቃሉን አምስት ጊዜ ከቀያየረ ዳክዬው መታመሙን ታውቃለች።

አዲሱን መርፌ ከጀመሩላት ወዲህ ትኩሳቷ መውረዱ እውነት ነው። ሌሎቹ በዚህ ደስ አላቸው። እሷ ግን ለዌንፉም በመጨረሻው ሳምንት ምግብ እንደጣመው አልረሳችም። መብራት ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል።

ከጎኗ ያለችው በሽተኛ አክስት ፓን የምትባል አስም ያለባት አሮጊት ናት። ነርሶቹ ዞር ሲሉ ቢንላንግ የሚሉትን አፍ የሚያቀላ ፍሬ እያላመጠች ቀይ ምራቋን ወረቀት ኩባያ ውስጥ ትተፋለች፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ታያለች። ሊጁአን ሙቅ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ወደ አይሊያን ዘንበል አለች።

“እኔም ነቅቼ ነበር። አየሁት ክሩን።”

“የምን ክር?”

“ተይ እንግዲህ እታለም። ከእኔ ትደብቂያለሽ? የእህቴንም ባል ጀርም ነው ነበር ያሉት። ጀርሙ ሲወጣ የእንቁላል ያህል ሆኖ ተገኘ። ጠርጥሪ፤ ገንፎም ውስጥ ስንጥር ይገኛል።”

“እኔ ስንጥሩን ውጬዋለሁ” አለች አይሊያን፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው መልሳ።

መሞቱን አይደለም የምትፈራው። የምትፈራው ሃይኩ ውስጥ መሞትን ነው። በናንፖ ትንፋሹ ደጅ ያለቀ ሰው በመንደሩ በር አይገባም። ሜዳ ላይ ሸራ ይወጠርለታል እንጂ ከአባቶች መዘከሪያ አዳራሽ አያርፍም። ብልህ ቤተሰብ በሽተኛውን ትንፋሽ እያለው ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። ዌንፉን እሷ በጊዜው አስገብታዋለች፤ አዳራሹ ውስጥ፣ በራፉን እያየ ነው ያረፈው። ዴሹን ግን፣ ልጇ፣ ለገዛ ሠርጉ እንኳ የዘገየ ልጅ ነው። እንቁረጣት ሲሉት እሺ፣ እንስፋት ሲሉት እሺ እያለ እዚሁ ያስቀራታል። ቀዶ ሕክምናው ለከነገ ወዲያ ተቀጥሯል። መውጣት ካለባት ነገ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሞ መጣ። መነጽሩ ወፍራም፣ ድምፁ ቀጭን፣ በዕድሜ ከዴሹን የሚያንስ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አየ፤ ከትናንት ወዲህ ምንም አልወረደበትም። ቀስ ብሎ አስረዳት። መግሉ በደረቷ ክፍተት ውስጥ እንደ ብርቱካን በክፍል በክፍል ታጥሮ ተቀምጧል፤ ቱቦው ያደረቀው አንዱን ክፍል ብቻ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው አጥሩን ማፍረስና ማጠብ አለባቸው። ከዚያ መርፌው ለሳምንታት ይቀጥላል፤ ክኒኑ ደግሞ ለወራት፣ ደኅና ነኝ ብላ ብታቋርጠው ተመልሶ ይመጣል። ይህን ከጨረሰ በኋላ እንደገና ወደ እግሯ ተመለሰ። ማሳ የምትገባው ሁልጊዜ ባዶ እግሯን ነው? ቤተሰቡስ?

“የታመመው ደረቴ፤ አንተ የምትጠይቀኝ ስለ እግሬ” አለችው።

“በእግርዎ ቁስል የገባ ነው የሚመስለኝ አክስቴ። ጎርፍ ሲመጣ ከመሬት ውስጥ ይነሣል። እንደ እርስዎ ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ ይወዳል።”

“ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያው ጭቃ ውስጥ ነኝ። እስከ ዛሬ የት ነበር?”

“እዚያው ነበር። ጭቃ የነካ ሁሉ አይታመምም። ለዚህም ነው ብዙ ሐኪም የማያውቀው፤ እኔ ራሴ ካየሁት ጥቂት ነው።”

“እሺ፣ ጀርም ከሆነ ልጄን ለምን ኮሪደር ጠርተህ ታናግረዋለህ?”

ዶክተር ሞ መነጽሩን አስተካከለ። “ለቀዶ ሕክምና ቤተሰብ መፈረም አለበት። ሥርዓቱ ነው።”

“ለባሌም ጊዜ ሥርዓቱ ነው ብለውኝ ነበር።”

ሰውየው እንደማይዋሻት ነገራት። ይህን ደግሞ ውሸታምም ይለዋል። ከዚያ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስም አልጋው አጠገብ ቆመው ለነበሩት ለዴሹንና ለሊጁአን በጣቱ ምልክት ሰጣቸው።

በበሩ መስታወት አየቻቸው። ዴሹን አንገቱን ይነቀንቃል። ሊጁአን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሐኪሙ አጎንብሶ የገዛ እግሩን አሳያትና እጁን እስከ ጉልበቱ ድረስ ወሰደው፣ እዚህ ድረስ እንደ ማለት። ሊጁአን ኪሷን ዳበስ አደረገች። ክሩ ያለበትን ኪስ።

“ሐኪሙም አለበት” አለች አይሊያን። አክስት ፓን ምራቋን ተፋች፤ መልስ ማለት ይህ ነው።

ሊጁአን ተመልሳ ገባችና ጃንጥላዋን አነሣች። ገበያ ደርሳ እንደምትመጣ ተናገረች። ምን ልትገዛ እንደሆነ አልተናገረችም፤ አይሊያንም አልጠየቀችም። ዴሹን ብቻውን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ በዚህ ሙቀት ስልኩ በደቂቃ በደቂቃ የሚጠራበት ወቅት ነው። ስልኩን ዘግቶ፣ በሥራ ቀን፣ የእናቱን ጥፍር ሲያይ ተቀምጧል።

“ዴሹን” አለችው። “የኮኮናት ጣፋጭ አምሮኛል። በሩ ላይ የሚሸጠው። በረዶ ያለው፣ ቀይ ባቄላ ያለው።”

“ስኳርሽስ እማ?”

“አንድ ጊዜ ብበላ ምን እሆናለሁ?”

ፈተና ነበር። ይድናል የሚባል የስኳር በሽተኛ ጣፋጭ ይከለከላል። የማይድን ሰው ግን ያማረው ይሰጠዋል። ለዌንፉ የተከለከለውን የሩዝ አረቄ ትቀዳለት የነበረችው እሷው ናት፤ ሐኪሙም እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ልጇን ዓይን ዓይኑን አየችው። እንቢ በለኝ፣ አለች በሆዷ። ተቆጣኝ። እንቢ በለኝ ልጄ።

የዴሹን ጆሮ ቀላ። ዴሹን ሲጨንቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ነው የሚቀላው። ተነሣ።

“ትንሽ ብቻ” አለ።

አምጥቶላት በላች። በረዶው ጥርሷን ጠዘጠዛት፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልቀመሰችም። ዴሹን ማንኪያውን ሊያጥብ ሲወጣ ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ለወንድሟ ልጅ ለጂንሃይ ደወለች። ጂንሃይ በየማለዳው ከናንፖ ዳክዬ ጭኖ ሃይኩ ገበያ የሚያራግፍ ሰው ነው።

“ነገ ዳክዬህን ስታራግፍ በሆስፒታሉ በር ና” አለችው።

“ዳንሽ አክስቴ?”

“ድኛለሁ።”

“ዴሹን ያውቃል?”

“ስደርስ ያውቃል።”

ጂንሃይ አመነታ። “መኪናው ዳክዬ ዳክዬ ይሸታል።”

“እኔስ ምን ምን የምሸት መስሎሃል?”

ሊጁአን የመጣችው ሊመሽ ሲል ነው። ጥቁር ፌስታል ይዛለች፤ ከበድ ይላል። ማንንም ሳታይ እሷ የምትተኛበት ታጣፊ አልጋ ሥር በእግሯ ገፋችው። ቀጥሎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የጣፋጩን ኩባያ አየች። ቀጥ ብላ ቀረች። ኩባያውን አነሣች፣ አሸተተች፣ መልሳ ጣለች። የዴሹንን እጅጌ ይዛ ወደ ኮሪደር ጎተተችው። በመስታወቱ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ አይሰማም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የአይሊያንን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰችና ወደ ነርሷ ሄደች።

አይሊያን የመጨረሻ ዕድል ሰጠቻት። ሻዩ ቀዘቀዘ አለቻት። ሊጁአን ይሙቅልዎ ብላ አሞቀችው። አሁን ደግሞ አቃጠለኝ አለቻት። ይብረድልዎ ብላ አራገበችለት። ትራሱ ከፍ አለ፤ ዝቅ አደረገችው። ዝቅ አለ፤ ከፍ አደረገችው። ይህች ሴት የሩዝ ድስት ክዳን ተዛብቶ ከተቀመጠ አንድ ቀን ሙሉ የምትነጫነጭ ነበረች። ባለፈው የበጋ ወር አንድ የዳክዬ ጫጩት ጠፋ ብለው እስኪመሽ ተጨቃጭቀው፣ ጎረቤት ሰምቶ ወንበር ይዞ ሊያይ መጥቷል። አሁን ግን ይሙቅልዎ፣ ይብረድልዎ።

ሰው ከሚሞት ሰው ጋር አይጣላም። አይሊያን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ አዙራም የዌንፉ ጀርባ ትዝ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ሊጁአን ሳህን ይዛ ለገንፎ ሰልፍ ወረደች። አይሊያን ተነሥታ ሱሪዋን ለበሰች፤ ሸሚዟን በቱቦው ላይ ላላ አድርጋ ቆለፈች። ጠርሙሱ ከደረት በታች መሆን እንዳለበት ነርሶቹ ሲነግሩ ሰምታለች፤ ስለዚህ በፌስታል አድርጋ ረጅም ማንጠልጠያ ሠራችለት። መርፌውን የሚይዘውን ፕላስቲክ ክንዷ ላይ እንደተለጠፈ ተወችው። ለዚህ ሁሉ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብላ ማረፍ አስፈለጋት። አክስት ፓን ኮሪደሩን ትጠብቅላታለች።

“ቤትሽ ልትሞቺ ነው?”

“የት ልሙት ታዲያ፣ አንቺ ምራቅ ላይ?”

“ሂጂ በይ፤ ነርሷ ሁለተኛው ክፍል ገባች።”

ስልኳ ነዘረ። ጂንሃይ በሩ ላይ ደርሷል። አይሊያን ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ጫማው ትዝ አላት። የተለካው የእሷ እግር ነው፤ ስለዚህ ጫማውም የእሷ ነው። ትታው ብትሄድ ሊጁአን ይዛው በአውቶቡስ እያለቀሰች ልትከተላት ነው፣ አገር እያየ። ይዛው ትሄዳለች። እንዲያውም ሶሉን ማየት አለባት፤ ሊጁአን ጥልፍ አትችልም፣ የተገዛ ከሆነ ደግሞ የተገዛ ጥልፍ አንድ ክረምት አይቆይም።

ጎኗ እየወጋት ተንበረከከች። ፌስታሉን ከታጣፊው አልጋ ሥር ጎትታ ፈታችው።

የጎማ ሽታ አፍንጫዋን መታት። አረንጓዴ የላስቲክ ቦት ጫማ ነው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሶሉ እንደ ትራክተር ጎማ የተሸነተረ። ከሥሩ ሌላ ጥንድ አለ፤ ያው አረንጓዴ፣ በቁጥር አነስ ያለ። በአንዱ ቦት አፍ ላይ ክሩ ተጠምጥሟል፤ ሁለቱም ቋጠሮ እንዳለ ነው።

አይሊያን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ይሄም ተንኮል ይሆናል ብላ አሰበች። ሰው ለመዋሸት ብዙ ነገር ያደርጋል፤ እሷ ራሷ ለዌንፉ የጨጓራ ክኒን ከወረዳ ድረስ እየሄደች ታመጣለት ነበር። ግን ሁለተኛው ጥንድ? ሊጁአን እንኳን ለውሸት፣ ለእውነትም ገንዘብ ስታወጣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። የጎማው ሽታ ደግሞ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ የሬሳ ሣጥን አይልም።

ሊጁአን ገንፎውን ይዛ ገባች። አማቷን ልብሷን ለባብሳ፣ ጠርሙሱን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በቦት ጫማ መሀል ወለል ላይ ተቀምጣ አየቻት። ሳህኖቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“ወዴት ነው?”

“ቤቴ።”

“ከነቱቦው?”

“የቀብር ጫማዬን ልወስድ ብዬ ነው። አጣሁት።”

ሊጁአን ክሩን አየች። የአማቷን እግር አየች። አክስት ፓንን አየች፤ አክስት ፓን ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀስ በቀስ የሊጁአን ፊት ተለወጠ፤ ያ ሲለሰልስ የሰነበተው አገጭ ወደ ፊት መጣ፤ ከሆዷም ያ የቀድሞው ድምፅ፣ ጎረቤት ወንበር ይዞ የመጣበት ድምፅ ወጣ።

“ለዚህ ነው ከትናንት ጀምሮ እንደ ታቀፈች ዶሮ ሲያፈጡብኝ የነበረው? የቀብር ጫማ። ብነግርዎ እሺ ይሉኝ ነበር? ያለፈውን ቦት ምን አደረጉት? ማሳው ዳር አስቀምጠው ዳክዬ እንቁላል እንድትጥልበት።”

“ጥላበታለች። ጥሩ ዳክዬ ናት።”

“ዶክተሩ ማናችሁም ባዶ እግራችሁን እንዳትገቡ አለን። ዴሹን እናቴ አትሰማም አለ። እኔ ደግሞ በድብቅ ገዝቼ፣ ስትወጣ እግሯ ሥር አስቀምጬ፣ ያኔ እንጣላለን አልኩ። በሽተኛ ላይ አይጮህም ብዬ ምላሴን ነክሼ ልሞት ነው እዚህ። ያ ሞኝ ደግሞ ሲያሳዝኑት ስኳር ያበላልኛል። ስኳርዎ ማታ የት እንደወጣ ያውቃሉ? ካልወረደ ቀዶ ሕክምናው እንደሚተላለፍስ? ወይስ ሆን ብለው ነው?”

“ሆን ብዬ ነው።”

ሊጁአን ታጣፊው አልጋ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

“ትከለክሉኝ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው” አለች አይሊያን። “አንቺ አልነበርሽም።”

ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው። አይሊያን ትንሹን ቦት አነሣች።

“ይሄስ የማነው?”

የሊጁአን ድምፅ ወረደ። “የእኔ። እርስዎ በጎርፉ ቀን ችግኝ ሲያነሡ እኔ የት ነበርኩ? ከጎንዎ አይደል? እግሬም ተቧጭሮ ነበር። እዚህ እርስዎ ሲያስሉ በሰማሁ ቁጥር የራሴን ጎን እየዳሰስኩ ነው የከረምኩት።”

“ለሐኪሙ ነግረሻል?”

“ነግሬዋለሁ። ደሜን ወስዷል። ለጊዜው ደኅና ነሽ፣ ትኩሳት ከጀመረሽ ግን በዚያው ቀን ነይ ብሎኛል።”

አይሊያን ምራቷን ከራሷ እስከ እግሯ አየቻት። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፤ በአውራ ጣቷና በሁለተኛው ጣቷ መሀል የቀጠነ ጠባሳ አለ። ይህን ሳታይ ነው የከረመችው። ዓይኗ ሁሉ የሊጁአን ፊት ላይ ነበርና።

“እንግዲህ” አለች አክስት ፓን ከመስኮቱ ሳትዞር፣ “ስንጥሩ የላስቲክ ሆነ።”

ስልኩ ጮኸ። ጂንሃይ ነው፤ ዘበኛው መኪናህን አንሣ እያለ ሊደበድበው እንደደረሰ ተናገረ።

“አንሣዋ” አለችው አይሊያን። “አልመጣም።”

“ቤት ላሉት ምን ልበላቸው?”

“ማሳው ውስጥ ማንም ባዶ እግሩን እንዳይገባ በላቸው። ያቺንም ዳክዬ ከቦቱ ውስጥ አስነሣልኝ፤ ቦቱን እጠቡት።”

ሊጁአን ብብቷን ይዛ አልጋው ላይ አወጣቻት። ጠርሙሱን ከፌስታሉ አውጥታ ቦታው መለሰችና ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ገንፎውን ልታቀርብላት ስትል አይሊያን በእጇ ገፋ አደረገችው፤ መጀመሪያ ትልቁን ቦት ስጪኝ አለቻት። እግሯን አስገብታ ገፋች፤ ጣቶቿ ጫፉ ላይ ተጣጠፉ።

“ጠበበኝ።”

“በክሩ ልክ ነው የገዛሁት። ባለሱቁ ፊት ሁለት ጊዜ ዘርግቼ ነው ያየሁት።”

“የተኛ እግር ለክተሽ ነዋ” አለች አይሊያን። “የተኛ እግር ጠባብ ነው። ሲቆም ይሰፋል፤ ጭቃ ላይ ሲቆም ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል።” ቦቱን አውልቃ አልጋው ላይ ጣለችው። “ለዌንፉ የሠራሁት ልኩ ነበር። እሱ አልቆመበትማ።”

ሊጁአን ክሩን አነሣችና ሁለቱንም ቋጠሮ በጥፍሯ ፈታችው።

አይሊያን የጉሉኮሱን ማቆሚያ ብረት በአንድ እጇ፣ የአልጋውን ጠርዝ በሌላው ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። ባዶ እግሯ ቀዝቃዛውን ወለል ነካ። ጎኗ ወጋት፤ ጠበቀችና አለፈላት። ሙሉ ክብደቷን ለቀቀችበት፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተከፋፍተው ወለሉን ያዙ።

“ነገ ሳይከፍቱኝ በፊት ቀይረሽው ትመጫለሽ” አለች። “ነይ፣ አሁን ለኪ።”